ሳይንስን በየትኛው ቋንቋ እንረዳው?

ባገራችን ከተነሡት የዘመኑ ክርክሮች መካከል የትምህርት ቋንቋን ያህል ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበ የለም። የፖለቲካ ሰዎች የፖለቲካ ነገር ነው ይሉታል፤ ለባህል የሚቆረቆሩት የባህል ነገር ያደርጉታል፤ የሳይንስ ሊቃውንትም የዕውቀት ጉዳይ ነው ይላሉ። ሦስቱም እውነት አላቸው። ለእኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የዕለት ኑሯችን ነው። ጧት ደወል ተደውሎ ወደ ክፍል ከገባንበት ሰዓት ጀምሮ በአንድ ቋንቋ እናነባለን፤ በሌላው ቋንቋ እናስባለን፤ ከዚያም ያሰብነውን ትተን ያነበብነውን እንጽፋለን። ይህ ነገር እንዴት እንደ መጣና ምን ቢደረግ እንደሚሻል በበኩሌ የመሰለኝን ለመጻፍ እወዳለሁ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያውን ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ክልሎች የተለያየ መንገድ ሲከተሉ ቆይተዋል። እንግዲህ አንድ የአምባሰል ገበሬ ልጅ ለዓመታት በአማርኛ ሲደምርና ሲቀንስ፥ ስለ አፈርና ስለ ውሃ ሲማር ይቆይና በ9ኛ ክፍል ባዮሎጂው፥ ኬሚስትሪው፥ ፊዚክሱ፥ ጂኦግራፊው ሁሉም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። የገዛ አገሩን ታሪክ፥ የዓድዋን ጦርነት እንኳ ሳይቀር፥ በባዕድ ቋንቋ አጥንቶ በባዕድ ቋንቋ ይፈተናል።

ውጤቱ ምን ሆነ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርስቲዎች ቅጥር ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጣውን ቁጥር ሁሉም ሰምቶታል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከጠቅላላው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከመቶ ተማሪ ከ90 በላይ የሚወድቅበት ፈተና ለወላጅ የሚያጽናና አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት ተፈታኞች እኛ ነን ወይም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላጣምም እፈራለሁ። ለዚህ ሁሉ መውደቅ ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው የሚል ሰው ነገሩን አቅልሎ ማየቱ ነው። ቀድሞ ፈተና ይሰረቅ ስለ ነበረ እውነተኛው አቅማችን ተሸፍኖ ኖሯል፤ ስርቆቱ ሲቆም ገበናችን ተገለጠ። የመምህርና የመጽሐፍ እጥረትም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ የስንቱ ትምህርት ቤት ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ማገዶ እንደ ሆነ፥ መጻሕፍቱ እንደ ተበተኑ በዚህ አገር ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። እኛ ያን ጊዜ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት በር የተዘጋባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። እነዚህን ችግሮች ማስወገድ ከተማሪ አቅም በላይ ነው። የቋንቋው ነገር ግን ከጦርነትም ከድህነትም በፊት የነበረ፥ ሰላም ሲወርድም የሚቆይ ስለ ሆነ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል።

በክፍል ውስጥ የሚሆነውን እኛ ተማሪዎች እናውቀዋለን፤ ወላጆቻችን ግን ብዙዎቹ አያውቁትም። መምህሩ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። እኛም እንገለብጣለን። ከዚያ በኋላ መምህሩ ዘወር ብሎ የክፍሉን ፊት ሲያይ ማንም እንዳልገባው ይረዳና በአማርኛ ያብራራል። በዚያች ሰዓት ክፍሉ ሕይወት ይዘራል፤ ጥያቄ ይነሣል፤ ሣቅም ይሰማል። ግን ይህ ሁሉ በስርቆት የሚደረግ ነው፤ ሕጉ አይፈቅድምና። የሚጎበኝ ሰው ከመጣ መምህሩ ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል፤ ክፍሉም ጭጭ ይላል። ሲመሽ የምናጠናው በአማርኛ የተብራራውን አይደለም፤ እርሱ አልተጻፈምና። የምናጠናው በደብተር ላይ የገለበጥነውን እንግሊዝኛ ነው። እርሱንም ከመረዳት ይልቅ እንሸመድደዋለን። ስለ ሽምደዳ ክፉነት በየጊዜው ንግግር ይደረግልናል፤ ሳይገባው የተገለበጠለትን ሰው ከመሸምደድ በቀር ምን አማራጭ እንዳለው ግን የሚነግረን አላገኘንም።

ታላላቆቻችን የባሰ አይተዋል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገብቶ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ሲያልፍ «ቆይ፥ ይደገምልን» ማለት አይቻልም ነበር። መምህሩም እንደ ተማሪዎቹ ተቀምጦ ይመለከት ነበር ይሉናል።

አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትጎዳ ላሳይ። በፈተና ወረቀት ላይ «ከሚከተሉት ሁሉ ትክክል የሆነው፥ ከዚህኛው በስተቀር» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይመጣል። በእንግሊዝኛው «ኤክሴፕት» የምትል አንዲት ቃል ናት። የኒውተንን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ያችን ቃል ከሳታት ትክክለኛውን ሐሳብ መርጦ ይወድቃል። ፈተናው የለካው ፊዚክሱን ነው ወይስ «ኤክሴፕት»ን?

ቃል ቀላል ነገር አለመሆኑን ደግሞ ከአምባሰል ሰው የበለጠ ማንም ሊያውቅ አይገባውም። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ በአገራችን ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖረው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻለዋል ሲል፥ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ጻፈው። በሁለት ቋንቋ መካከል በጠፋች በአንዲት ግሥ ምክንያት አገር ወደ ጦርነት ሄደ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደም ፈሰሰ። ይህንኑ ታሪክ ዛሬ እኛ ከውጫሌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠን በእንግሊዝኛ እንማረዋለን። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

በክፍላችን ክርክር በተነሣ ጊዜ አንዱ ጓደኛዬ «አማርኛ ለሳይንስ ቃል የለውም» አለ። ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም እውነት እየመሰለ ሄዷል። ቋንቋ ቃል የሚኖረው ሲሠራበት ነው። ባገራችን የቋንቋ ሊቃውንት በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተዘጋጀ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበት ሥርዓት «ብርሃን አስተፃምሮ» ተብሏል። ፍጥነት እየጨመረ መሄድ «ሽምጠጣ» ተብሏል። በአምባሰል ሜዳ ፈረስ ሲሸመጥጥ ያየ ልጅ «ሽምጠጣ» ሲባል ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ «አክሰለሬሽን» ሲባል ግን ጽፎ ይይዘዋል እንጂ ዓይነ ኅሊናው ላይ ምንም አይመጣለትም። ቃሉ አለ፤ የቀረው ከመዝገቡ ወጥቶ ክፍል መግባቱ ነው። አንዳንዱ ቃል አስቸጋሪ ነው ቢባል እቀበላለሁ፤ «ኦክስጅን»ን እንዳለ መውሰድ ነውር የለበትም። ጃፓኖችም ቢሆኑ ያልተዋሱት ቃል የለም ማለት አይቻልም።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ በደጃችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዳርቢሻየር፥ ላምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲው መሐመድ ዑመር ስለ ሐይቅና ስለ ሐርዲቦ ሐይቆች አንድ ጥናት አሳተሙ። ከሐይቆቹ ሥር ደለል አወጡ። በደለሉ ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተቀብሮ የኖረውን የአበባ ብናኝ በማጉያ መነጽር እየተመለከቱ የትኛው ዛፍ በየትኛው ዘመን እንደ በቀለ አነበቡ። ያገኙትም በአጭሩ ይህ ነው፤ ከ2,500 ዓመት በፊት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ፥ በዚህ አገር የነበረው የዝግባ ደን ተመናምኖ በቦታው ክትክታና ሣር ተተካ፤ ይህም ለረጅም ዘመን ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ ጽድና ወይራ ያለበት ደን እንደገና ተስፋፋ። ከዚያም ደኑ ዳግመኛ ተመነጠረ። ስለዚህ የወሎ ተራራ የተራቆተው በአባቶቻችን ዕድሜ ብቻ ነው፥ ወይም አንዴ የጠፋ ደን አይመለስም የሚለውን ሰው የገዛ ሐይቃችን ደለል ይመልስለታል።

ይህ ዕውቀት የማን ነው? ዝግባን፥ ክትክታን፥ ጽድንና ወይራን በሐይቅ ዙሪያ ያለ እረኛ ሁሉ ለይቶ ያውቃቸዋል። ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ፥ የዛፎቹም ስም በላቲን ስለ ተጻፈ፥ ደለሉ የተወሰደባት ከተማ ነዋሪ ሊያነበው አይችልም። ችግኝ እንትከል አንትከል፥ የትኛውን ዛፍ እንትከል እያልን በየክረምቱ ስንነጋገር ይህን ጥናት የሚጠቅስ ሰው አልሰማሁም። ተመራማሪዎቹ በእንግሊዝኛ መጻፋቸው አይነቀፍም፤ ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ነው። የሚነቀፈው ወደ እኛ የሚመልሰው ሰው መጥፋቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። በባዕድ ወይም በማይነገር ቋንቋ የተጻፈ ዕውቀትን መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ማስተማር ሲጀምሩ ይህች ቦታ ያገሪቱ ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነች። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ተነሥተው የተማሩት እዚሁ ነው። የገዳሙ አበምኔትም «ዐቃቤ ሰዓት» ተብለው በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ማዕርግ ይዘው ኖረዋል። መጻሕፍቱ በግዕዝ ነበሩ። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በኋለኛው ዘመን ያጸኑትን ሥርዓት ተመልከቱ። ተማሪው ግዕዙን ያነባል፤ መምህሩ በአማርኛ ይተረጉማል፤ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን አንድ በአንድ ያወርዳል። ይህ የስርቆት ማብራሪያ አልነበረም። ራሱን የቻለ፥ ወግና ሥርዓት ያለው፥ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ትምህርት ነበር፤ በመጽሐፍም ተጽፏል።

በአማርኛ ስለ ተብራራላቸው ግዕዙ ደከመባቸውን? እንዲያውም የቅኔ ቤት ተማሪ በየቀኑ አዲስ የግዕዝ ቅኔ ይቆጥራል። እኛ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ተምረን ስንጨርስ በእንግሊዝኛ አንዲት ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕራችን ይንቀጠቀጣል። ይህን ልዩነት አስቡት።

በእስልምናውም ወገን እንዲሁ ነው። ወሎ ዳናን፥ ጌታን፥ ጀማ ንጉሥን የመሰሉ የታወቁ የዕውቀት ቦታዎች ያሉባት አገር ናት። ደረሳው ከሸኹ ፊት ተቀምጦ ኪታቡን በዐረብኛ ይቀራል፤ ማብራሪያውን በአገሩ ቋንቋ ይሰማል። ከእነዚያ ቦታዎች በዐረብኛ መጽሐፍ የጻፉ ሊቃውንት ወጥተዋል፤ አማርኛ መንዙማውም ከዚያው ነው የወጣው። በሃይማኖት የሚለያዩ ሁለት ወገኖች ስለ ማስተማር ዘዴ ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ከያዙ መንገዱ የሚያዋጣ ሳይሆን አይቀርም።

ጥንታዊው ትምህርት እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ለብዙ ዓመታት የሚፈጅ ነበር። አለንጋውም አለ። ሴት ልጅን አያስገባም ነበር፤ ዛሬ በክፍላችን የፊት ወንበር የያዙት ሴት ልጆች በዚያ ዘመን ቢወለዱ የውሃ እንስራ ተሸክመው ከሐይቁ ዳር ይመለሱ ነበር። እኔ የምፈልገው ያንን ዘመን መመለስ አይደለም፤ የጽሑፉን ቋንቋና የማብራሪያውን ቋንቋ ለይተው ሁለቱንም በክብር የያዙበትን ዘዴ ነው።

ከተቃዋሚዎች ሁሉ የሚያስጨንቀኝ የወላጆች ነገር ነው። ወላጅ «ልጄ እንግሊዝኛ ካልቻለ ምን ተማረ ይባላል? የሀብታም ልጅ በአዲስ አበባ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲማር የእኔ ልጅ በአማርኛ ተምሮ የት ይደርሳል?» ይላል። ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው። የድሃው ልጅ በአማርኛ፥ የሀብታሙ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚማርበት አገር ሁለት አገር ይሆናል። ነገር ግን እስቲ እንጠይቅ፤ ዛሬስ እኩል ናቸውን? የሀብታሙ ልጅ እንግሊዝኛውን አውቆ ፊዚክሱን ይማራል፤ የእኛ ልጅ እንግሊዝኛውንም ፊዚክሱንም ሳያውቅ ይወጣል። እኩል የሆንን የሚመስለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናትም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ጥናቱ ስምንቱም ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን፥ እንግሊዝኛውም እንደ ትምህርት በደኅና እንዲሰጥ መክሮ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የፍትሕ ነው። አማርኛ የእኔ አፍ መፍቻ ስለ ሆነ ለሁሉ ይሁን ብል ራስ ወዳድ እሆናለሁ። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በከሚሴ ኦሮምኛ ይነገራል፤ በዋግ ኽምጣና፥ በአዊ አውኛ አለ። ከክልላችን ውጭ ያለውማ ስፍር ቁጥር የለውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ሕዝብ አስተምሯል። ያን ጊዜ የተቻለው ዛሬ ለምን ያቅታል? ለከሚሴው ልጅ ማብራሪያው በኦሮምኛ፥ ለእኛ በአማርኛ ይሁን፤ መጽሐፉ የጋራ ይሁን።

የውጭውን ዓለም ብንመለከት ይህ መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። ታንዛንያ በአንደኛ ደረጃ በስዋሂሊ አስተምራ ልጆቿን በሁለተኛ ደረጃ ወደ እንግሊዝኛ ታሻግራለች፤ እኛ ከምንወድቅበት ገደል እነርሱም ይወድቃሉ። ማሌዢያ እ.ኤ.አ. በ2003 ሒሳብንና ሳይንስን ወደ እንግሊዝኛ ለውጣ ነበር፤ በ2009 ግን መንግሥቷ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወሰነ። ስለ ጃፓን ያገራችን ሰው ብዙ ተናግሯል፤ ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. ጃፓን እንደምን እንደ ሠለጠነች መጽሐፍ አውጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጃፓን ስናወራ የምንጠቅሰው ፋብሪካቸውን ነው፤ የፋብሪካውን መጽሐፍ በገዛ ቋንቋቸው ማንበባቸውን እንዘነጋዋለን።

ስልኩ ሁሉን ይተረጉመዋል፥ ክርክሩ አብቅቷል የሚሉም አሉ። መልካም ነው፤ ኔትወርክ ሲኖር። ግን የተረጎመው ትክክል ይሁን አይሁን የሚፈርደው ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው። ውጫሌ ላይ የጠፋው ትርጉም አልነበረም፤ ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስተያይቶ በጊዜው «ይህ አይገጥምም» የሚል ሰው ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። አንደኛ፥ መምህር በክፍል ውስጥ በተማሪው ቋንቋ ማብራራቱ ጥፋት መሆኑ ይቅርና በሥርዓት ይታቀድለት፤ መምህራንም ሲሠለጥኑ ይማሩት። የመማሪያ መጽሐፉ በየምዕራፉ መጨረሻ የሁለት ቋንቋ የቃላት ዝርዝር ይኑረው። ከዚያ ሲያልፍ የብሔራዊ ፈተናው ጥያቄ በእንግሊዝኛና ተማሪው 8ኛ ክፍል በጨረሰበት ቋንቋ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቢታተም፥ «ኤክሴፕት» የምትለዋ ቃል ማንንም አታሰናክልም ነበር። ወጪው ከባድ ነው ይባል ይሆናል። በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ወድቀው ማየትም ወጪ አለው፤ ለዚያኛው ግን ደረሰኝ አይቆረጥለትም። እንግሊዝኛውን በሚመለከት ሐሳቤ ከወላጆች ጋር አንድ ነው፤ ይጨመር እንጂ አይቀነስ። እንግሊዝኛ እንግሊዝኛን በሚችል መምህር፥ በንባብና በጽሕፈት፥ ራሱን ችሎ ይሰጥ። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተደብቆ አይማሩት።

ሚኒስቴሩ እስኪወስን ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በዚህ ዓመት በክፍላችን ሁለት ዓምድ ያለው አንድ ትልቅ ደብተር ከፍተናል፤ በግራው የእንግሊዝኛውን ቃል፥ በቀኙ አማርኛውን እንጽፋለን። ኦሮምኛ የሚያውቁ ልጆችም ሦስተኛ ዓምድ ጀምረዋል። «ሽምጠጣ» ገብቷል። ስለ ሐይቃችን ደለል የተጻፈውን ጥናት አሳጥሮ በአማርኛ የመጻፉ ሥራም ተጀምሮ እስካሁን የዛፎቹ ስም ተጠናቋል። ብዙ ባዶ መስመር አለ። ደብተሩ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧልና፥ መምህራኖቻችንም፥ ትርጓሜ ወይም ኪታብ የሚያውቁ ወላጆቻችንም በመጡ ጊዜ የጎደለውን ቢሞሉልን ደስ ይለናል።